ካርሜንሲታና የሃያ አንዱ ሰከንድ ፊልም

ስለ ሲኒማ አጀማመር በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ካርሜንሲታ የተባለችው ስፔናዊት ተወዛዋዥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትታለፋለች። ይኸውም በአሜሪካ በኤዲሰን የፊልም ካሜራ ፊት ከቆሙት ሴቶች የመጀመሪያዋ እንደሆነች የሚነገረው ነው። አባባሉን ሐሰት አንለውም፤ ሚዛኑ ግን ወደ መሣሪያው ያደላ ነው እንላለን።

ካርመን ዳውሴት ሞሬኖ እ.ኤ.አ. በ1868 በአልሜሪያ ተወለደች። በስፔንና በፓሪስ መድረኮች ከሠራች በኋላ በ1889 ኒውዮርክ ገባች። በኮስተርና ቢያል የሙዚቃ አዳራሽ ዝናዋ ገነነ። በ1890 ሁለት ታዋቂ ሠዓልያን፣ ጆን ሲንገር ሳርጀንትና ዊልያም ሜሪት ቼዝ፣ እያንዳንዳቸው ሣሏት። የኤዲሰን ባልደረቦች ዲክሰንና ሃይዝ በኒው ጀርሲ በሚገኘው ስቱዲዮ የቀረጿት ግን በ1894 ነው። እንግዲህ ዝና ያበደረው ማን ነው? አዲሱ መሣሪያ ተመልካች ይፈልግ ነበር፤ ካርሜንሲታ ግን ተመልካች ነበራት።

ፊልሙ ሃያ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በጥቁር ግድግዳ ፊት ትሽከረከራለች፣ ቀሚሷን ታወናጭፋለች፣ እግሯን ታነሣለች። የሰውነቷን ቅልጥፍና ከዚህ በተሻለ የሚያሳየን ማስረጃ የለም። ሆኖም ድምፅ የለውም፤ የምትወዛወዝበትን ዜማም ሆነ የአዳራሹን ጭብጨባ አንሰማም። ውዝዋዜው ገና ሲግል ፊልሙ ያልቃል። በሳርጀንት ሥዕል ላይ እጇን በወገቧ አድርጋ በኩራት ቆማለች፤ በቼዝ ሥዕል ላይ ከእግሯ ሥር አበባ ወድቋል። ኩራቷንና የተመልካቹን ፍቅር የምናገኘው ካልተንቀሳቀሱት ሥዕሎች ነው። ፊልሙ እንቅስቃሴውን ሲያቆይልን ሥዕሎቹ ደግሞ ሰውዬዋን አቆዩልን።

ስለዚህ ይህን ፊልም በክፍል ውስጥ የምናሳይ መምህራን ሁለቱን ሥዕሎች አብረን ብናቀርብ መልካም ነው። ተማሪዎቻችንንም «መሣሪያው መቼ ተሠራ?» ብለን ብቻ ሳንወሰን፣ «ባለ መሣሪያዎቹ ስለምን እሷን መረጡ?» ብለን እንጠይቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ ዓመተ ምሕረት ያስጠናል፤ ሁለተኛው ግን ከማሽኑ በስተጀርባ ለዓመታት የደከመች አንዲት የጥበብ ሰው እንደነበረች ያስተምራል።