ሳቁ ለአንዱ፣ ደሙ ለሌላው

አንድ አርብ ማታ ከኢንተርኔት የገለበጥኩትን ስክሪፕት ከላይ እስከ ታች ሳላነበው ሰርቨር ላይ ራን አደረግኩትና ገብቼ ተኛሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ስልክ የተደወለው ለእኔ ሳይሆን ተረኛ ለነበረው ባልደረባዬ ነው። የተበላሸውን ሲያስተካክል ነጋበት። ሰኞ ዕለት ነገሩ የቢሮው ቀልድ ሆነ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ይሄ ትዝ ያለኝ «አሽ ቨርሰስ ኢቪል ዴድ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል እንደገና ሳይ ነው። ክፍሉ «ኤል ሄፌ» ይባላል፤ በስፓኒሽ «አለቃው» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2015 በስታርዝ ቻናል ተላለፈ። ዳይሬክተሩ ሳም ሬይሚ ነው፤ የ1981ዱን «ኢቪል ዴድ» ፊልም የሠራው ሰው። ያኔ አሽን ሆኖ የተጫወተው ብሩስ ካምቤልም ተመልሷል።

አሽ አሁን ጎልማሳነቱም እያለፈ ነው። ቦርጩን በኮርሴት ጠፍሮ፣ የእንጨት እጁን አጥልቆ መጠጥ ቤት ሴት ሊያጠምድ ይወጣል። ቀን ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ይደረድራል፤ የሚኖረው ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት ጋንጃ አጭሶ፣ አንዲት ሴት ፊት ግጥም አዋቂ ለመምሰል ሲል፣ አጋንንት የሚጠራውን መጽሐፍ አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው። በቃ፣ መዓቱ የመጣው በዚህ ነው።

ሬይሚ ሳቅና ፍርሃትን ከአንድ ምንጭ መቅዳት ያውቅበታል፤ ምንጩም አልታዘዝም ያለ አካል ነው። በ1987ቱ ሁለተኛ ፊልም አሽን የሚደበድበው የገዛ እጁ ነበር። እዚህ ደግሞ ያ ሁሉ ሰውዬ መጋዘን ውስጥ ከአንዲት ትንሽ አሻንጉሊት ጋር ሲታገል እናያለን። ደሙም እንዲሁ ነው። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው፤ ሬይሚ ግን ከአንድ አንገት የሚያፈሰው ቧንቧ የፈነዳ ያስመስለዋል። ልኩን ሲያልፍ ዓይናችን ቁስሉን ይረሳና ጎርፉን ብቻ ያያል። ያኔ እንስቃለን።

ግን እዚሁ ክፍል ውስጥ የማያስቅ ደም አለ። አማንዳ ፊሸር የሚሺጋን መርማሪ ፖሊስ ናት። ከሥራ ጓደኛዋ ጋር ወደ አንድ ጨለማ ቤት ትገባለች። ጓደኛዋ ይሞታል፤ ከዚያ ሬሳው ተነሥቶ ይመጣባታል፤ ተኩሳ የምትጥለው እሷው ናት። አሻንጉሊቷን ስናይ የሳቅነው ማንም ስላልሞተ ነው። ይህን ግን ካሜራው አያልፈውም፤ በኋላም ያየችውን ማመን አቅቷት ብቻዋን ስትቀመጥ ያሳየናል።

እንግዲህ ለእኔ የዚህ ክፍል ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ አሽና አማንዳ እዚህ ክፍል ውስጥ ጭራሽ አይገናኙም። ያጠፋው ሰውዬ ሳቁን ይዞ ይሄዳል፤ ምንም ያላጠፋችው ሴት ደሙን ትጠርጋለች። አሽ እሷ የምትባል ሰው መኖሯንም አያውቅም።

መጨረሻው ላይ ግን ሬይሚ ይህን የረሳ ይመስላል። የሞተር መጋዙ በአየር ተወርውሮ ከአሽ ጉንድሽ ክንድ ጋር ሲገጥም እኔም ከሶፋዬ ተነሥቼ አጨብጭቤያለሁ። ሰውዬው በአንድ ቅጽበት ከጥፋተኛነት ወደ ጀግንነት ተሻገረ፤ የሚጠይቀውም የለም። «ኮሜዲ ፍርድ ቤት አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ነገር ግን አማንዳን አምጥቶ ያሳየን ራሱ ሬይሚ ነው። እሷ ባትኖር ስቄ እነሣ ነበር፤ እሷን ካየሁ በኋላ ግን ጭብጨባዬ ትንሽ አሳፈረኝ። ክፍሉን የምወደውም በዚሁ ነው፤ የጎደለውንም ያየሁት በዚሁ።

ባለፈው ሳምንት ያንን ባልደረባዬን ቡና ጋበዝኩትና ስለዚያ ሌሊት ይቅርታ ጠየቅኩት። ስኒውን እያሽከረከረ ትንሽ ቆየና፣ «ለመሆኑ ስክሪፕቱን አሁንስ አነበብከው?» አለኝ።

አላነበብኩትም ነበር።