ፖልካን የሚዳኘው እግር ነው

የአየርላንድን ባህላዊ ሙዚቃ እናውቃለን ከሚሉት መካከል ፖልካ ሲነሣ ፊታቸውን የሚያጨፈግጉ አሉ። ሪል የተባለው ፈጣን ስልት የጣት ጥበብ ይጠይቃል፤ ፖልካ ግን ለጀማሪ የሚሰጥ ተራ ዜማ ነው ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ፖልካ በሁለት በአራት ምት የሚሄድ፣ ሁለት አጫጭር ክፍሎቹ እየተደጋገሙ የሚመለሱበት ቀላል ዜማ ነው። ለመሆኑ ግን ለእግር የተሠራን ሙዚቃ በጆሮ ብቻ መዳኘት ተገቢ ነውን?

በ1969 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) «ዘ ስታር አባቭ ዘ ጋርተር» በሚል ርእስ የወጣው ሸክላ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ይሆነናል። ተጫዋቾቹ ዴኒስ መርፊና እኅቱ ጁሊያ ክሊፎርድ ናቸው። ሁለቱም የኮርክና የኬሪ አውራጃዎች በሚዋሰኑበት በስሊቭ ሉክራ ተወልደው፣ ቫዮሊን የተማሩት ከስመ ጥሩው መምህር ከፓድሪግ ኦኪፍ ነው።

በአጨዋወታቸው ጌጥ አይበዛም። አንዳንዴ አንዱ ዜማውን ከፍ አድርጎ ሲይዝ ሌላው በታችኛው ኦክታቭ ይከተለዋል። ኀይሉ ያለው በቀኝ እጃቸው ነው፤ ደጋኑ ደካማ የሚባለውን ምት ጫን እያለ ሲያልፍ ዜማው ወደፊት ይገፋል።

ይህ ግፊት የሚገባን ዳንሱን ስናስብ ነው። አራት ጥንዶች በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ይጠጋሉ፣ ያፈገፍጋሉ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ተቃቅፈው ይሽከረከራሉ። በሸክላ ሲደመጥ አሰልቺ የሚመስለው ድግግሞሽ የስምንቱ ሰዎች መተማመኛ ነው። ዜማው አንዱን ክፍል ሲዘጋ እነርሱም ዙራቸውን ይዘጋሉ። የተወሳሰበ ዜማ ቢሆን ኖሮ እግራቸው በተደናገረ ነበር።

ሁለተኛው ክስ ባዕድነት ነው። በእርግጥም ፖልካ ከቦሄሚያ ተነሥቶ በ1840ዎቹ ፓሪስንና ለንደንን ያጥለቀለቀ ዳንስ ነው፤ የአራት ጥንዶቹ አሰላለፍም የመጣው ከፈረንሳዩ ካድሪል ነው። በ1893 የተመሠረተው ጌሊክ ሊግ ብሔራዊ ባህልን አነቃቃለሁ ብሎ ሲነሣ ካድሪል ወለድ ዳንሶችን እንደ መጤ ቈጥሮ ገፋቸው። በ1935 ደግሞ የሕዝብ ዳንስ አዳራሾች ሕግ ወጣና ለዳንስ ቦታ ፈቃድ ግዴታ ሆነ። ከቀሳውስቱ ተግሣጽ ጋር ተዳምሮ በየገበሬው ቤት ይደረግ የነበረውን ጭፈራ ለማፈን አገለገለ።

በስሊቭ ሉክራ ግን ዳንሱ አልጠፋም። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጆኒ ኦሊሪ በኖክናግሪ መንደር በሚገኝ መጠጥ ቤት ለረጅም ዓመታት ለዳንሰኞች ተጫውቷል። በ1980ዎቹ ከተሜው እነዚህን ዳንሶች ለመማር ሲነሣ ሊያስተምሩት የሚችሉ ሰዎች በሕይወት ነበሩ።

ስለ ባህል ንጽሕና የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያጤኑት መልካም ነው። የገጠሩ ሕዝብ የዜማውን የትውልድ አገር ሳይጠይቅ ለሠርጉና ለምሽቱ ተጠቀመበት፤ ከትውልድ ትውልድ እየተቀባበለም የራሱ አደረገው። ሸክላውን ተቀምጦ ሲያደምጥ ፖልካ የሰለቸው ሰው ቢኖር፣ ከመፍረዱ በፊት ወንበሩን ገፋ አድርጎ ይነሣ።