ጠፋ ማለት ተገኘ ማለት አይደለም

ዕቃው አንድ በአንድ ተገዝቶ ቤት ውስጥ የተገጣጠመ ኮምፒውተር ለሙሉው ማሽን የሚጠየቅ አምራች የለውም። ማዘርቦርዱ የራሱ ዋስትና አለው፣ ፓወር ሰፕላዩም እንዲሁ፤ ሄድፎን ውስጥ የሚሰማው ጥዝታ ግን ብዙ ጊዜ የሚወለደው በዕቃዎቹ መካከል ነው። ስለዚህ ፍለጋው የገጣጣሚው ዕዳ ይሆናል። የተለመደው መላ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ዕቃ መቀያየር ነው። ይህ መላ አንዳንዴ ይሠራል፣ ነገር ግን ጥገና ሊባል አይገባውም። ድምፁ ከአንድ ነገር ጋር አብሮ ሲለዋወጥ ምንጩን ይናገራል፤ እንዲሁ ሲጠፋ ግን ምስጢሩን ይዞ ይሄዳል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚባለው እዚህም ያገለግላል።

መነሻው ጆሮ ነው። ቮሊዩሙ ቢወጣም ቢወርድም ሳይለወጥ «ሽሽ» የሚል እኩል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የአምፕሊፋየሩ የራሱ ነው፤ በትንሽ ጉልበት የሚጮህ ባለ 16 ኦም ኢርፎን አጉልቶ ያሰማዋል፣ ባለ 250 ኦም ሄድፎን ግን ጭራሽ ላያሰማው ይችላል። የማይኩን መጠን ሲቀንሱ አብሮ የሚቀንስ ሽሽታ ከሆነ፣ ማይኩ ወደ ሄድፎኑ እንዲመለስ ተከፍቶ ይሆናል፤ ማይክ ቡስቱ 20 ዴሲቤል ላይ ካለ ደካማው ሲግናል አሥር እጥፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። «እምም» የሚለው ወፍራም ድምፅ የመብራት ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በ50ና በ100 ኸርዝ አካባቢ ይሰማል። ማውስ ሲንቀሳቀስ «ጽርር» የሚለው ቀጭን ድምፅ የማሽኑ የራሱ ሥራ ነው፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚስቡት ከረንት በተለዋወጠ ቁጥር በጋራው ግራውንድ በኩል ወደ ድምፁ መስመር ይገባል። ጌም ከፍቶ የፍሬሙን ቁጥር 60 ላይ መገደብ ጥሩ ፈተና ነው፤ ድምፁ አብሮ ከወፈረ ወይም ከቀጠነ ጥርጣሬው ወደ ግራፊክስ ካርዱ ይጠባል። ሄድፎኑ ተነቅሎም ከኬዙ የሚሰማ ፉጨት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሚንቀጠቀጥ ኮይል ነው። «ቋ»፣ «ጠሽ» እያለ የሚቆራረጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሽቦ ይልቅ ወደ ድራይቨር ያመለክታል። አንድ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ይዞ ሲቆይ የሚጫወተው ድምፅ በሰዓቱ ስለማይደርስ ይበጠሳል።

ቀጥሎ መንገዱን መክፈል ነው። ሄድፎኑ ቻርጀር ላይ ያልተሰካ ስልክ ላይ ጥዝ ካላለ እሱ ነፃ ወጣ። ከኬዙ ፊት ያለው ጃክ ጥዝ እያለ ከኋላ ያለው ዝም ካለ፣ ጥርጣሬው ሁለቱ በማይጋሩት መስመር ላይ ይወድቃል። የፊተኛው ጃክ ከማዘርቦርዱ ባለ 9 ፒን መሰኪያ የሚነሳ ረጅም ቀጭን ሽቦ አለው፤ ሽቦው ብዙ ጊዜ በግራፊክስ ካርዱ ሥር ያልፋል። ከዚህም በላይ በአንዳንድ ኬዞች የፊት ዩኤስቢውና የፊት ጃኩ አንዲት ትንሽ ቦርድ ላይ ተቀምጠው አንድ ግራውንድ ይጋራሉ። ያኔ የዩኤስቢው ከረንት በድምፁ የመመለሻ ሽቦ በኩል ይፈሳል። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ የፊት ዩኤስቢውን ኬብል ብቻ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ እንደገና መስማት ነገሩን ይለያል። «ብቻ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሥራ አለው፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተነካ ፈተናው ረከሰ።

ግራውንድ ከኬዙ ውጭም ይቀጥላል። ሄድፎን ብቻውን ኮምፒውተሩን ከሌላ መሣሪያ ጋር አያያይዘውም፤ ከመብራት የሚሠራ ስፒከር ወይም ሚክሰር አብሮ ከተሰካ ግን ሁለት የመሬት መንገድ ይፈጠርና በመካከላቸው የሚዞረው ከረንት «እምም» ይላል። ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት ማስነሳት ብዙ ጊዜ ይረዳል። እኛ ዘንድ ተቃራኒው ችግርም ብርቅ አይደለም፤ ሶኬቱ የመሬት ጥፍር እያለው ከኋላው ሽቦ ያልተያያዘለት ቤት አለ። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ያኔ ኬዙን በ220 ቮልቱ ግማሽ አካባቢ አንሳፍፈው ይተዉታል፤ ከረንቱ ትንሽ ነው፣ ኬዙ ሲነካ ቆዳን ነዘር የሚያደርገው እሱ ነው። መፍትሔው ኤሌክትሪሽያን ጠርቶ መሬቱን ማስፈተሽ ነው። ድምፁ እንዲጠፋ የመሬቱን ጥፍር መቁረጥ ወይም በቴፕ መሸፈን ግን ዝምታን በሕይወት መግዛት ነው።

«ይህን ሁሉ ከምደክም ርካሽ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ገዝቼ አልገላገልም?» የሚል ሰው ምክንያት አለው። ጥፋቱ በማዘርቦርዱ የድምፅ ክፍል ወይም በፊተኛው ሽቦ ከሆነ በእርግጥ ይገላገላል። ነገር ግን የዩኤስቢ ካርድ 5 ቮልቱንም ግራውንዱንም የሚወስደው ከዚያው ኮምፒውተር ነው፤ ከስፒከር ጋር የተፈጠረ የመሬት ዙር በእሱም በኩል ያልፋል። ድምፅን በብርሃን የሚያሳልፈው የኦፕቲካል ኬብል ይህን ዙር ይቆርጠዋል፣ ድራይቨር የሚያስቆራርጠውን ድምፅ ግን እሱም አያድነውም። መሬት የሌለውን ሶኬት ደግሞ የትኛውም ካርድ አይጠግነውም፤ እንዲያውም ጥዝታው ስለጠፋ ብቻ ማንም ዳግመኛ የማያየው አደጋ ሆኖ ይቀራል። ግዢው የሚያዋጣው ከምርመራው በኋላ ሲመጣ ነው።

ሌላው ተቃውሞ ጆሮ ያታልላል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ለውጥ የሚጠብቅ ጆሮ ለውጥ ይሰማል። ለዚህ በባትሪ በሚሠራ ላፕቶፕ መቅረጽና ቅጂውን እንደ ኦዳሲቲ ባለ ነፃ ፕሮግራም በፍሪኩዌንሲ ዘርዝሮ ማየት ይበቃል፤ የመብራት ድምፅ ከሆነ በ50፣ በ100፣ በ150 ኸርዝ ላይ እንደ ችካል ቆሞ ይታያል። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ከሆነ ግን ቀረጻው ራሱ አዲስ የመሬት ዙር ይዞ ሊመጣ ይችላል። መሣሪያ ለሌለው ሰው ደግሞ ለጆሮም ለቅጂም የሚሠራ ፈተና አለ፤ የተለወጠውን ወደ ነበረበት መመለስ። የተነቀለው ኬብል ተመልሶ ሲሰካ ጥዝታው ከተመለሰ፣ እንደገና ሲነቀል ከሄደ ምንጩ ተይዟል። ተመልሶ ተሰክቶም ዝም ካለ ግን ኬብሉ ምስክር እንጂ ጥፋተኛ አልነበረም፤ ምናልባት ላልቶ የነበረ መሰኪያ በመነካካቱ ጠብቆ ይሆናል። በፈለጉት ጊዜ ሊመልሱት የማይችሉት ጥዝታ ገና አልተጠገነም፤ ኬዙ የሚዘጋው መልሰው ካመጡትና መልሰው ካጠፉት በኋላ ነው።