የሽማግሌው ምሳ

ክሮኖ ትሪገርን የጀመረ ሰው ብዙውን ጊዜ ያንን ምሳ ይበላዋል። ጌሙ የሚከፈተው በበዓል ነው። የጋርዲያ መንግሥት የተመሠረተበት ሺህኛ ዓመት እየተከበረ፣ አደባባዩ በድንኳንና በሙዚቃ ደምቋል። አንድ ጥግ ላይ የአንድ ሽማግሌ ምሳ ተቀምጧል። ተጠግታችሁ ቁልፉን ስትጫኑ ምሳው ይጠፋል፣ የክሮኖ ጉልበት ይሞላል። የሚቆጣ የለም፣ የሚከለክል የለም። በዚህ ዓይነት ጌም ደግሞ ሰው ቤት ገብቶ ሣጥን መክፈት፣ ያገኙትን ማንሳት የተለመደ ነው። እኔም በላሁት።

ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ክሮኖ «ልዕልቷን አግተሃል» ተብሎ ፍርድ ቤት ይቆማል። እዚያ ሽማግሌው ብቅ ይላል። «ምሳዬን በላብኝ ነው የሚለው» ብሎ ተረጎመልኝ አጠገቤ የተቀመጠው ታላቅ ወንድሜ። በዓሉ ላይ ድመቷ የጠፋባትን ትንሽ ልጅ ረድታችኋት ከሆነ እሷ ደግሞ ትመሰክርላችኋለች። ከልዕልቷ ጋር ተጋጭታችሁ ስትወድቁ መጀመሪያ የሄዳችሁት ወደ እሷ ነው ወይስ ወደ ወደቀው የአንገት ጌጧ? ከረሜላ ስትመርጥ ታገሣችኋት ወይስ ጥላችኋት ሄዳችሁ? ማንም ልብ አላለውም ያላችሁት ሁሉ ተመዝግቦ ኖሯል።

9 ዓመቴ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ወንድሜ ምንም ሳይናገር ዞር ብሎ አየኝና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

ክሮኖ ትሪገር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 ጃፓን ውስጥ ለሱፐር ፋሚኮም የወጣ፣ በዚያው ዓመት አሜሪካ የደረሰ ጌም ነው። የፋይናል ፋንታሲ አባት ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ የድራጎን ኩዌስት አባት ዩጂ ሆሪና ድራጎን ቦልን የሳለው አኪራ ቶሪያማ አንድ ላይ ሠሩበት። ያኔ ፋይናል ፋንታሲና ድራጎን ኩዌስት የሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ነበሩ፤ የጊዮርጊስና የቡና ኮከቦች አንድ ማሊያ ለብሰው እንደ መሰለፍ በሉት። ሙዚቃውን የያዘው ያሱኖሪ ሚትሱዳ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ወጣት ነበር። ሥራው ላይ እንዳለ ታመመና የቀረውን ኖቡዎ ኡማትሱ ጨረሰው። ይህ ሁሉ የገባው 32 ሜጋቢት ካርትሪጅ ውስጥ ነው፤ 4 ሜጋባይት መሆኑ ነው። ስልኬ ላይ ያለ አንድ ዘፈን ከዚያ ይበልጣል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ላቮስ የሚባል ፍጥረት በ1999 ከመሬት ወጥቶ ዓለምን ያጠፋል። ክሮኖና ጓደኞቹ ይህን የሚያውቁት ሳያስቡት 2300 ላይ ደርሰው ፍርስራሹን ሲያዩ ነው። ከዚያ በኋላ ከዘመን ዘመን እየተመላለሱ ጥፋቱን ለማስቀረት ይታገላሉ።

እኛ ቤት የገባውም በ1999 ነው፤ በራሳችን አቆጣጠር። ከተማው ስለ ሚሌኒየም ብቻ የሚያወራበት ዓመት ነበር። ወንድሜ ከጓደኛው ኢሙሌተርና ጌም የሞላው ፍላሽ ይዞ መጣ። እኔ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሺህ ዓመት በዓልና «1999» የሚል ቁጥር አየሁ። «ይሄ የፈረንጆቹ ነው፣ የኛ አይደለም» ብሎ እስኪያስረዳኝ ድረስ ያንን ጳጉሜን እንዴት እንደፈራሁት አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ ራሴ ችሎት ልምጣ። መጀመሪያ ላይ ወንድሜ ብቻውን ነበር የሚጫወተው። 16 ዓመቱ ነው፣ ለትንሽ ልጅ ትዕግሥት የለውም። ጌሙ ሦስት ሴቭ ማድረጊያ ቦታ አለው፣ ሦስቱንም ይዟቸዋል። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ውሎ ሳይመለስ እኔ ተደብቄ ጀመርኩ። ለክሮኖ የራሴን ቅጽል ስም ሰጠሁት፣ ጫካ ለጫካ ትንሽ ዞርኩ፣ ሴቭ አድርግ ሲለኝ የላይኛውን ቦታ መረጥኩ። የላይኛው ወንድሜ ለሳምንታት የለፋበት፣ መጨረሻው ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነበር። ያን ማታ መብራት ጠፋ። በነጋታው ወንድሜ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ከዚያ «ማታ መብራት ሲሄድ ተበላሽቷል» አለ። እኔም «እ» አልኩ፣ ሌላ ምንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ያልጠበቅሁት ሆነ። «ና፣ አብረን እንጀምረው» አለኝ። ለኔ ጌሙ የተወለደው ያኔ ነው። እሱ እያነበበ ይተረጉማል፣ እኔ እነዳለሁ። በእንግሊዝኛው ትርጉም ቴድ ዉልሲ ፍሮግ የተባለውን እንቁራሪት ባላባት ጥንታዊ እንግሊዝኛ ያናግረዋል። ወንድሜም ድምፁን አወፍሮ እንደ ድሮ መኳንንት «እነሆኝ! ጌታዬን የነካ ወየውለት!» ይላል። ከዓመታት በኋላ ብቻዬን በእንግሊዝኛ ስጫወተው ፍሮግ እንዲህ አለማለቱን ሳውቅ ከልቤ ቅር አለኝ።

ዛሬ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው፤ ያንን ችሎት በባለሙያ ዓይን ሳየው በጣም ቀላል ነገር ነው። ምሳው ተበልቷል ወይስ አልተበላም፣ ድመቷ ተመልሳለች ወይስ አልተመለሰችም፤ ለእያንዳንዱ አንድ ቢት፣ 0 ወይም 1። ተማሪ በአንድ ከሰዓት ሊጽፈው ይችላል። ታዲያ በእኔ ላይ ምነው እንዲህ ከበደ?

መልሱ ዝምታው ይመስለኛል። በኋላ የመጡ ጌሞች ምግባራችንን መቁጠር በጣም ወደዱ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ማስ ኢፌክት ለደግነትም ለጭካኔም ነጥብ ይሰጣል። በ2012 የወጣው ዘ ዎኪንግ ዴድ አንድ ነገር ስትመርጡ «ይህ ሰው ይህን ያስታውሰዋል» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ሁለቱንም ወድጃቸዋለሁ። ግን መዝገቡ ዓይናችሁ ፊት ሲከፈት እናንተ ወዲያው ሒሳብ ያዥ ትሆናላችሁ፤ ደግነቱ ቀርቶ ነጥቡን ትከታተላላችሁ። ክሮኖ ትሪገር ግን የሚፈትናችሁ ፈተና መሆኑን ሳይነግራችሁ ነው። ያ ምሳ የሚበላው ማንም አያየኝም ተብሎ ነው።

ብዙዎች የሚያነሱት ተቃውሞ አለ፦ ችሎቱ ለውጥ አያመጣም። ነፃ ብትባሉም ጥፋተኛ ብትባሉም የምትገቡት ያው እስር ቤት ነው። እውነት ነው። እኔ ግን ይህ የጌሙ ድክመት አይመስለኝም። ቅጣቱ ተለያይቶ ቢሆን ኖሮ ሰው ምሳውን የሚተወው እስሩን ፈርቶ ይሆን ነበር። አሁን ግን የሚቀረው የሽማግሌው ምስክርነት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሳይሰሙ ማለፍ አይቻልም።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ጌሙ ይህን ድንቅ ነገር ካሳየን በኋላ ረሳው። አንድ ጊዜ ብቻ በጎን ይመለስበታል፦ ፖሬ በተባለች ከተማ በ600 ዓመተ ምሕረት ለአንዲት ሴት ቋንጣ በነፃ ከሰጣችኋት፣ 400 ዓመት አልፎ የቤተሰቡ ልጅ የሆነው ስስታም ከንቲባ ደግ ሰው ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሐሳቡ ያምራል፤ የበሉት ምሳና የሰጡት ቋንጣ በሁለት ጫፍ ቆመዋል። ነገር ግን ቋንጣውን የምትሰጡት የምትፈልጉት ድንጋይ ከንቲባው እጅ ስለገባ ነው። ደግነት ሳይሆን መክፈቻ ቁልፍ ሆኗል። ክሮኖም መሃል ላይ ሲሞት እውነተኛ ድንጋጤ ነው፤ ግን ወደ ሞቱ ቅጽበት ተመልሶ በአሻንጉሊት ለውጦ ማውጣት ይቻላል። ከአሥር በላይ መጨረሻ አለው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዘሉ የትኛውም ክብደት ያጣል። ሁሉ የሚቀለበስ ከሆነ ምን ያሳስባል?

አንድ ትዕይንት ግን ይህን ጥያቄ ይመልሰዋል፤ ጌሙን ከወደድኩበት ሁሉ የሚበልጥብኝም እሱ ነው። ሮቦ የተባለው ማሽን በረሃን ደን ለማድረግ 400 ዓመት ብቻውን ሲለፋ ይቆያል። ጓደኞቹ በአንድ ቅጽበት በዘመን ተሻግረው ያገኙትና ያን ማታ እሳት አንድደው ጫካው ውስጥ ያድራሉ። ሌሊት ሉካ ትነቃለች። አንድ በር ይከፈትላትና ወደ ልጅነት ቤቷ ይወስዳታል፤ እናቷ ላራ ቀሚሷን ማሽን ይዟት እግሯን ወዳጣችበት ቀን። ማሽኑን ለማቆም ኮድ ማስገባት ያስፈልጋል። ኮዱ የእናቷ ስም ነው፦ ኤል፣ ኤ፣ አር፣ ኤ። ጆይስቲኩ ላይ ያሉ ቁልፎች ናቸው።

እኛ ግን ጆይስቲክ የለንም። ያን ሰዓት ወንድሜ ራት እየበላ ነው፣ እኔ ኪቦርዱ ላይ ነኝ። መልሱን አውቄዋለሁ! ኪቦርዱ ላይ ኤል የተጻፈበትን ተጫንኩ፣ ኤ፣ አር፣ ኤ። ምንም የለም። ኢሙሌተሩ ኤልን ሌላ ቁልፍ ላይ እንዳደረገው ማን ነገረኝ? ደግሜ ተጫንኩ። ጊዜው አለቀ።

እያለቀስኩ ወንድሜን ጠራሁት። ኢሙሌተሩ በአንድ ቁልፍ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ማታውኑ እሳቱ ዳር ሴቭ አድርገን ነበር። «መልሰው» አልኩት። ስክሪኑን አየና «አይ፣ እንዳለ ይሁን» አለ። ጌሙን የጨረስነው የሉካ እናት ወንበሯ ላይ እንዳለች ነው። ዘመንን ሁሉ ማቃናት በሚቻልበት ጌም ውስጥ ያቺ አንዲት ሴት ሳትቃና ቀረች፤ ከሁሉም በላይ የማስታውሳትም እሷን ነው። አሁን ሥራዬ ላይ የተሰረዘ ዳታ መመለስ፣ የተበላሸ ለውጥ መቀልበስ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ቁልፉን በተጫንኩ ቁጥር ላራ ትዝ ትለኛለች።

ወንድሜ ውጭ አገር ከሄደ ቆይቷል። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ደወልኩለትና መናዘዝ ያለብኝን ነገርኩት፦ መብራቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ትንሽ ዝም አለ፣ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ።

«አንተ ኢንጂነር ነህ አይደል?» አለኝ። «መብራት ያበላሸው ፋይል እንዴት አድርጎ ነው የአንተን ስም የሚጽፈው?»