የጥቁር አሜሪካውያን ቅርስ በኮሌጅ፤ የቅኔ ቅርስ በቢቸናና በሞጣ

ቅርስ በሁለት መንገድ ይከበራል። አንደኛው ያለፈውን አውጥቶ ለሕዝብ ማሳየት ነው፤ ሁለተኛው ተተኪው ትውልድ እንዲሠራበት ማስተማር ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በየኮሌጁ የሚያደርጉት የቅርስ በዓል በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ የኖረ ነው። ይህንንም በዓል ከምሥራቅ ጎጃም የቅኔ ጉባኤ ጋር ማስተያየት ለሁለቱም ወገን ትምህርት ይሰጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የበዓሉ መነሻ በደል ነበር። የታሪክ ሊቁ ካርተር ዉድሰን በ1926 የጥቁሮችን የታሪክ ሳምንት ሲመሠርቱ፥ የአሜሪካ የትምህርት መጻሕፍት የጥቁርን ሕዝብ ሥራ በዝምታ ያልፉት ነበር፤ ቢያነሡትም በንቀት ነበር። የዉድሰን ሐሳብ ግን ሳምንቱ ተማሪዎች ዓመቱን ሙሉ ያጠኑት የሚታይበት እንዲሆን እንጂ ጥናቱን እንዲተካ አልነበረም። ሳምንቱን ወደ ወር ያሰፉት በኦሃዮ የኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎችና መምህራን ናቸው፤ በ1969 ሐሳቡን አቅርበው በ1970 አከበሩት።

ከዚህ አስቀድሞ በዋሺንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ ከ1922 እስከ 1959 ድረስ የአፍሪቃን ጥንታዊ ሥልጣኔ አስተምረዋል። ኢትዮጵያ በትምህርታቸው ከፍ ያለ ስፍራ ነበራት። በ1934ም ከኢትዮጵያዊው የሕክምና ተማሪ ከመላኩ በያን ጋር ሆነው ስለ ኢትዮጵያ የሚያጠና ጉባኤ አቋቋሙ። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ስለ አፍሪቃ ጥናታቸው ሸለማቸው። የሃንስበሪ ትልቅነት ቅርሱን የአንድ ቀን ዲስኩር ሳያደርጉ፥ ተማሪ የሚደክምበትና የሚፈተንበት ትምህርት ማድረጋቸው ነው።

ይሁን እንጂ በጥቁር አሜሪካውያን በዓላት ላይ የምትታየው ኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ የአክሱም ሐውልት፥ የላሊበላና የዐድዋ ድል ኢትዮጵያ ናት። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ሐውልቱ ያለቀ ሥራ ስለ ሆነ ተመልካቹን ከማድነቅ በቀር ሌላ ነገር አይጠይቀውም።

በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ግን የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ከሩቅ አገር ደበሎ ለብሶ፥ ቁራሽ እየለመነ የመጣው የቅኔ ተማሪ የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ በመድገም ብቻ ተቀኘ አይባልም። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ በየደረጃው የራሱን ይቆጥራል፤ የቆጠረውንም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎበጠውን ያቀናለታል። በእቴጌ ምንትዋብ ልጅ በወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት እንደ ተመሠረተው እንደ ሞጣ ጊዮርጊስ ባለ ታላቅ ደብርም፥ ሊቁ በማኅሌት ቆሞ ቅኔ ሲያቀርብ ከእርሱ የሚጠበቀው አዲስ ነው። አምና የተባለውን ዘንድሮ ቢደግም ሰሚው ያፍርበታል እንጂ ቅርስ ጠበቀ ብሎ አያመሰግነውም። እዚህ አባቶች የሚከበሩት መንገዳቸውን ይዞ እነርሱ ያላሉትን በማለት ነው።

እነዚህ ሁለት የትምህርት ዓይነቶች በአንድ ወቅት በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ኖረዋል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በዲማ ቅኔ ተምረው፥ በ1940ዎቹ ማብቂያ በዋሺንግተን የኢትዮጵያ መልእክተኞች አባል ሆነው ሲሠሩ፥ ሃንስበሪ በዚያው ከተማ ያስተምሩ ነበር። አንዱ ኢትዮጵያን በጥናት ያገኟት፥ ሌላው በቃል ሙያ የተቀበሏት ነበሩ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንና የፊልም ሊቁ ኃይሌ ገሪማ በሃዋርድ መምህራን ሲሆኑ፥ ሁለቱ መንገዶች ተቀራረቡ፤ ተማሪው ስለ ቅርሱ መስማት ብቻ ሳይሆን በእጁ መሥራትን ተማረና።

በፍርድ አድልዎ እንዳይኖር ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የዲማው ተማሪ የአባቶቹን ስም የሚክድበት ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ የማስታወቂያ ቀን አላስፈለገውም። ታሪኩን የተቀማ ሕዝብ ግን አስቀድሞ «አለኝ» ብሎ በአደባባይ መናገር ግድ ይሆንበታል። እንዲሁም የቅኔው ጉባኤ ሴቶችን በአብዛኛው በውጭ አስቀርቶ የኖረ ነው፤ የኮሌጁ በዓል ግን ለወንድም ለሴትም በሩን ከፍቷል። በዚህ ረገድ ጉባኤው ከኮሌጁ የሚማረው አለ።

አደጋው ለሁለቱም አንድ ነው። ኮሌጁ በልብስ፥ በዘፈንና በምግብ ብቻ ካከበረ፥ በዓሉ ሲያልፍ ቅርሱም እስከ ሚመጣው ዓመት ድረስ ከሣጥን ይገባል። የቢቸናና የሞጣ ቅኔም በባህል ቀን መድረክ ላይ ደበሎ በለበሰ ወጣት እየተመሰለ ብቻ የሚታይ ከሆነ፥ መልኩ ቀርቶ ሙያው ይጠፋል፤ ደበሎውን የሚሰፋ ይገኛል፥ መወድስ የሚቆጥር ግን አይገኝም። ስለዚህ የማንኛውም የቅርስ በዓል መመዘኛ የተሰብሳቢው ብዛት ወይም የጭብጨባው ድምፅ ሊሆን አይገባም። በበዓሉ ማግስት ተማሪው ከአባቶቹ ሙያ የትኛውን ይዞ ምን አዲስ ነገር ሠራ የሚለው ነው።