የኤጅፊልድ ባለፊት ማሰሮዎች፦ ከሸክላ የተቀረጸ ፊት እንዴት ይነበብ?

በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት ኤጅፊልድ የሚባል አውራጃ አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚህ አውራጃ በባርነት ተይዘው ይሠሩ የነበሩ ጥቁር ሸክላ ሠሪዎች የሰው ፊት ያላቸው ትናንሽ ማሰሮዎችን ይቀርጹ ነበር። የማሰሮዎቹ ዓይን ፈጧል፤ ጥርሳቸው ገጧል፤ ቅንድባቸው፣ አፍንጫቸውና ጆሯቸው ተለጥፎ ወጣ ወጣ ብሏል። ገላቸው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሲሆን ዓይናቸውና ጥርሳቸው ነጭ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በዚያው በአሜሪካ ደቡብ ባለፊት ማሰሮ ተወዳጅ የዕደ ጥበብ ዘርፍ ሆኗል። ቀንድ ያበቀለ ሰይጣን፣ ጥርሱ የወላለቀ ሽማግሌ፣ ጉንጩ ያበጠ ጎልማሳ እየተቀረጸና ቀለም እየተሰጠው ይሸጣል። ገዢው ይስቃል፤ ሠሪውም እንዲስቅለት ይፈልጋል። ይህ ሳቅ ነውር የለበትም። ችግር የሚፈጠረው ያው ሳቅ ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያዎቹ ማሰሮዎች መተርጎሚያ ሲሆን ነው። የኤጅፊልድ ማሰሮዎች ለረጅም ጊዜ እንደ ቀልድ፣ እንደ ትርፍ ሰዓት ጨዋታ ተቆጥረዋል። ይህ ዳሰሳ ያንን ንባብ ይሞግታል። አስቂኝነቱ ከሠሪዎቹ ይልቅ ከተመልካቹና ከገበያው የመጣ ነው ይላል፤ የቀደሙትን ፊቶች ለመረዳትም ከመልካቸው በፊት አሠራራቸውን መመርመር ይገባል ብሎ ይከራከራል።

ሥራውና ሠሪዎቹ

የኤጅፊልድ የሸክላ ኢንዱስትሪ የተመሠረተው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ አብነር ላንድረም ነበር። አካባቢው ጥሩ የሸክላ አፈር፣ ካኦሊን የሚባል ነጭ የሸክላ አፈር ክምችትና ለእቶን የሚሆን እንጨት ነበረው። የእርሻ ባለቤቶች ሥጋና ሞራ የሚያቆዩባቸው ትልልቅ ዕቃዎች በብዛት ይፈልጉ ስለነበር ገበያውም የተረጋገጠ ነበር። አፈሩን የሚቆፍሩት፣ ጭቃውን የሚያቦኩት፣ በመዘውር ላይ ዕቃውን የሚያወጡት፣ እንጨት የሚፈልጡትና እሳቱን የሚጠብቁት በአብዛኛው ባሪያ ተደርገው የተያዙ ሰዎች ነበሩ።

ከእነዚህ ሠሪዎች ስሙ ጎልቶ የሚታወቀው ዴቭ፣ በኋላ ዴቪድ ድሬክ የተባለው ነው። ደቡብ ካሮላይና ባሪያዎችን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን የሚከለክል ሕግ ያወጣችው በ1834 ነው። ዴቭ በዚያው ዓመት በጋን ላይ ግጥም ጽፏል፤ ከዚያም በኋላ ለበርካታ ዓመታት በሥራዎቹ ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ግጥሙን ሲቀርጽ ኖሯል። ባድለር ከተባለ የሥራ ባልደረባው ጋር ግንቦት 13 ቀን 1859 የሠራው ጋን 40 ጋሎን፣ ማለትም 150 ሊትር ያህል ይይዛል።

በዴቭ ስም የተፈረመ ባለፊት ማሰሮ ግን አይታወቅም። ፊቶቹን የቀረጹት ሰዎች ስማቸውን አልተዉልንም። ይህ ልዩነት ለሃያሲው ክብደት አለው። ጋኑ የጌታው ሸቀጥ ነበር፤ ዴቭ በሸቀጡ ላይ ቃሉን አስገባ። ማሰሮው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ፣ ለእርሻው ግምጃ ቤት የማይረባ ትንሽ ዕቃ ነው። ሠሪው ይህን የቀረጸው ከጌታው ትእዛዝ ውጪ ከሆነ፣ ለማንና ለምን እንደቀረጸው መጠየቅ ግድ ይላል።

ሁለት አፈር በአንድ እሳት

መልሱን ፍለጋ ከእጅ ሥራው ይጀምራል። ሠሪው መጀመሪያ ማሰሮውን በመዘውር ላይ ያወጣል። ጭቃው ጥቂት ጠንከር ሲል፣ ግን ሳይደርቅ፣ ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ ከንፈሩንና ጆሮውን በእጁ እየቀረጸ ይለጥፋል። ለዓይንና ለጥርስ የሚሆነውን ቦታ አዘጋጅቶ ነጩን ካኦሊን ያስገባበታል፤ በዓይኑ ዙሪያ ደግሞ የገላውን ጭቃ እንደ ቆብ አድርጎ ያለብሰዋል። ከዚያ ከእንጨት አመድ ወይም ከኖራ፣ ከአሸዋና ከሸክላ የተበጠበጠውን ልባጥ ይቀባል። እሳት ውስጥ ሲገባ ይህ ልባጥ ቀልጦ እንደ ብርጭቆ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቀለም ከብሩሽ አይመጣም። አረንጓዴውና ቡናማው የአመዱ፣ የአፈሩ ብረትና የእቶኑ አየር ውጤት ነው፤ ነጩም የካኦሊኑ የራሱ ቀለም ነው። ስለዚህ ሠሪው ቀለሙን የሚወስነው ከእሳቱ በፊት፣ አፈሩን ሲመርጥ ነው። ከእቶኑ ከወጣ በኋላ የሚያርመው ነገር የለም።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የተለያዩ አፈሮች ሲደርቁና ሲተኮሱ እኩል አይኮማተሩም። የገላው ሸክላ ከካኦሊኑ ይበልጥ ከጠበበ ፊቱ ይሰነጠቃል፤ በደንብ ያልተያያዘ እንደሆነም ዓይኑ ወይም ጥርሱ ተነቅሎ ይወድቃል። እቶኑ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። በዚህ እሳት አልፈው ከ150 ዓመት በላይ የቆዩ ዓይኖች የሚያሳዩት ሠሪው የሁለቱን አፈር ጠባይ አጥብቆ ማወቁን ነው። ዓይንን ከዚያው ከገላው ሸክላ መቅረጽ እጅግ ቀላል ነበር። አስቸጋሪው መንገድ ተደጋግሞ የተመረጠው ነጩ ያስፈልግ ስለነበር ነው። ለቀልድ ብቻ የሚሠራ ሰው ይህን ያህል አይደክምም።

ነጩ ምን ይላል? ሦስት ንባቦች

የመጀመሪያው ንባብ የኤድዊን አትሊ ባርበር ነው። የአሜሪካ ሸክላ ታሪክ ጸሐፊ የነበረው ባርበር መረጃውን ያገኘው ባዝ በተባለ ቦታ የሸክላ ፋብሪካ ከነበራቸው ከኮሎኔል ቶማስ ዴቪስ ነው። በባርበር ዘገባ መሠረት በ1862 አካባቢ በፋብሪካው የሚሠሩ ባሪያዎች በራሳቸው ጊዜ እነዚህን እንግዳ መልክ ያላቸው ማሰሮዎች ይሠሩ ነበር። ባርበር የአፍሪካ ጥበብ ፍንጭ እንዳለባቸው አስተውሏል፤ የዘመኑ ንቀት ግን ከብዕሩ አልጠፋም። ከሁሉ በላይ የተናገረው የፋብሪካው ባለቤት ነው፤ ሠሪዎቹን የጠየቀ የለም። ማሰሮዎቹ የመዝናኛ ሥራ ናቸው የሚለው አስተሳሰብ ብዙውን ሥሩን የሰደደው በዚህ የአንድ ወገን ምስክርነት ላይ ነው።

ሁለተኛው ንባብ ወደ ኮንጎ ያመራል። አሜሪካ ባሪያ ከውጭ ማስገባትን ከ1808 ጀምሮ ብትከለክልም፣ ዋንደረር የተባለች መርከብ በኅዳር ወር 1858 ከኮንጎ አካባቢ የተወሰዱ 400 ያህል ሰዎችን በጆርጂያ ግዛት ጄኪል ደሴት አራገፈች። ከእነዚህ ጥቂት የማይባሉት በሳቫና ወንዝ ሽቅብ ወደ ኤጅፊልድ አካባቢ ተወሰዱ። ቻርልስ ሞንትጎመሪ የተባለ ተመራማሪ በ1908 ባሳተመው ጽሑፍ በሕይወት የነበሩትን ጥቂቶች ታሪክ መዝግቧል። የጥበብ ታሪክ ምሁሩ ሮበርት ፋሪስ ቶምሰን ደግሞ ማሰሮዎቹን ከኮንጎ ሚንኪሲ (በነጠላ ንኪሲ) ጋር አያይዟቸዋል። ንኪሲ በባለ መድኃኒቱ እጅ ኃይል እንዲያድርበት የሚዘጋጅ ዕቃ ነው። በኮንጎ ሕዝቦች እምነት ነጭ አፈር የሙታን ዓለም ምልክት ነው፤ በነጭ አፈር የተሠራ ዓይንም ከዚህ ዓለም ወዲያ ያያል። የጊዜው መቀራረብና የነጩ አፈር ምርጫ ለዚህ ንባብ ጥንካሬ ይሰጡታል።

ሦስተኛው ንባብ የአውሮፓን ልማድ ያስታውሳል። በጀርመን አገር ጢማም ፊት የተቀረጸባቸው ማሰሮዎች በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይሠሩ ነበር፤ እንግሊዞችም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰው አምሳል የተሠራ የመጠጥ ማንቆርቆሪያ ነበራቸው። ስለዚህ ፊትን ከማሰሮ ጋር ማዋሐድ የአንድ ሕዝብ ብቻ ሀብት አልነበረም። ካኦሊን ደግሞ በኤጅፊልድ ምድር በቅርብ የሚገኝ አፈር ነው።

እነዚህን ንባቦች ስንመዝን ጥንቃቄ ያሻል። እያንዳንዱን ማሰሮ በዋንደረር ለመጡ ሰዎች መስጠት ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው፤ ማሰሮዎቹ መቃብር ላይ ይቀመጡ ነበር የሚለው በተደጋጋሚ የሚነገር ሐሳብም ቢሆን ስስ ማስረጃ ነው ያለው። በሌላ በኩል፣ አውሮፓውያኑ ፊት ያላቸውን ማሰሮዎች ሲሠሩ ሁለት ዓይነት አፈር አገናኝቶ ዓይንን ነጭ ማድረግን ልማዳቸው አላደረጉትም። የኤጅፊልዱን ልዩ የሚያደርገው ይኸው ነው። አፈሩ በቅርብ መገኘቱ ሥራው እንዴት እንደተቻለ ይነግረናል፤ ለምን እንደተፈለገ ግን አይነግረንም። የኮንጎው ንባብ ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ የተሻለውን መልስ ይሰጣል። ሙሉ መልስ አድርጎ መዝጋት ግን በስም የማናውቃቸውን ሠሪዎች ሁሉ አንድ ሐሳብ ብቻ እንደነበራቸው መቁጠር ይሆናል።

ሳቁ ከየት መጣ?

ባርነት ከተሻረ በኋላ ባለፊት ማሰሮ በደቡብ ባሉ ነጭ ሸክላ ሠሪ ቤተሰቦች እጅም ቀጥሏል። በሰሜን ጆርጂያ ሞሲ ክሪክ የሚባለው ቦታ የሜደርስ ቤተሰብ መንደር ነው። በ1967 የስሚትሶኒያን ተቋም ትኩረት ወደዚህ ቤተሰብ ሲዞር የባለፊት ማሰሮ ፈላጊ በረከተ። ከቤተሰቡ አባላት አንዱ ላኒየር ሜደርስ ከዚያ ወዲያ ዘመኑን በእነዚህ ፊቶች ላይ አሳለፈ፤ በ1983 የአገሪቱን የቅርስ ባለሙያዎች ሽልማት ተቀበለ። በሰሜን ካሮላይና ደግሞ በርሎን ክሬግ የተሰበረ ሳህን ስብርባሪ ለጥርስ እየተጠቀመ የራሱን መልክ ፈጠረ፤ እሱም በ1984 ያንኑ ሽልማት አገኘ። የሁለቱም ሥራ ክቡር ነው። የሜደርስ ፊቶች ኩርፊያ፣ ተንኮል፣ ድንጋጤና ፌዝ በጥቂት ጭቃ የሚያሳዩ የቅርጽ ትምህርት ቤት ናቸው።

የገበያው ፍላጎት ግን ፊቱን ይበልጥ አስቂኝ፣ ይበልጥ ባለቀለም ወደ ማድረግ ገፍቷል። ሰብሳቢዎችም የኤጅፊልዱን ማሰሮ የዚህ የፌዝ ቤተሰብ አያት አድርገው አዩት። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ጥቁሮችን የሚያላግጡ ነጭ ተዋንያን መድረኩን ሞልተውት ነበር። የፈጠጠ ዓይን፣ የገጠጠ ነጭ ጥርስና የተጋነነ ከንፈር የዚያ ማላገጫ ዋና ምልክቶች ነበሩ። በዚያ ምስል ያደገ ዓይን የኤጅፊልድን ማሰሮ ሲያይ ቀልድ ቢታየው አያስገርምም። ሠሪው ምናልባት ለጥበቃ ወይም ለመታሰቢያ ያደረገውን ነጭ ዓይን ተመልካቹ ማላገጫ አድርጎ አነበበው። ስለዚህ አስቂኝ የሚለው ብያኔ ንጹሕ የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ የራሱ ታሪክ አለው፤ ያም ታሪክ ከባርነቱ ታሪክ አይለይም።

ዛሬ የቀረው ሥራ

ከ2022 እስከ 2023 በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ለእይታ የቀረበው፣ ከዚያም ወደ ቦስተን፣ ወደ አን አርበርና በ2024 ወደ አትላንታ የተሻገረው የጥንታዊ ኤጅፊልድ ጥቁር ሸክላ ሠሪዎች ዐውደ ርእይ ይህን ንባብ ለመለወጥ ብዙ ረድቷል። ማሰሮዎቹ ከዴቭ ጋኖችና እንደ ሲሞን ሊ ካሉ የዘመናችን ጥቁር አርቲስቶች ሥራዎች ጋር ቀረቡ። ከፌዝ ዕቃዎች መደርደሪያ ወጥተው ከግጥምና ከታላቅ ቅርጻ ቅርጽ ጎን ሲቆሙ ጸጥ ያለ ኃይላቸው ጎልቶ ወጣ። ሠሪው ባልታወቀበት ሥራ ላይ ሠሪው ስሙ ያልተመዘገበ ሸክላ ሠሪ ነው ተብሎ መጻፉም ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ስም ነበረው፣ ያልመዘገበው ሌላ ነው።

በአትላንታና በዙሪያዋ ብዙ አማርኛ አንባቢዎች አሉ። የአትላንታ ታሪክ ማዕከል የደቡቡን የሸክላ ጥበብ ስብስብ ይዟል፤ በሰሜን ጆርጂያ ሶቲ ናኩቺም በ2006 የተከፈተ የሸክላ ሙዚየም አለ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሜደርስን ፊቶች አይታችሁ ሳቁ፤ ሠሪው የፈለገው ያንን ነው። የኤጅፊልድን ፊት ስታገኙ ግን ከመሳቃችሁ በፊት ዓይኑ ከገላው ጋር የተገናኘበትን ቦታ ተመልከቱ፤ የሠሪው እውቀት ያለው እዚያ ነው። እነዚህ ማሰሮዎች የባሪያ ጨዋታ ተብለው መጠራታቸው ስሕተት ነበር፤ በአሜሪካ ምድር ከተሠሩት ታላላቅ የሸክላ ሥራዎች መካከል ሊቆጠሩ ይገባቸዋል።