የታጎሮች ቤት፦ እልፍኙና ጓዳው

ስለ ታላላቅ ሰዎች ቤት የሚጻፉ ጽሑፎች አንድ የጋራ አመል አላቸው። ጸሐፊው እንደ ተሳላሚ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ ይገባል፤ ታላቁ ሰው የተወለደበትን ክፍል፣ የጻፈበትን ጠረጴዛ፣ የሞተበትን አልጋ በየተራ ተሳልሞ ይወጣል። ቤቱን ማን በምን ገንዘብ እንደ ሠራው፣ እነማን ሲያገለግሉበት፣ እነማን ተዘግቶባቸው ሲኖሩበት እንደ ነበር መጠየቅ ነውር ይመስለዋል። ስለዚህም የሚጽፈው ውዳሴ እንጂ ሂስ አይሆንም።

በሕንድ አገር፣ በኮልካታ ከተማ ሰሜናዊ ክፍል፣ ጆራሳንኮ በተባለው ሰፈር የሚገኘው የታጎር ቤተሰብ ቤት የዚህ አመል ሰለባ ነው ብዬ አምናለሁ። በ1913 የኖቤልን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ራቢንድራናት ታጎር በ1861 የተወለደውም፣ በ1941 የሞተውም እዚሁ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ቤቱ ቤተ መዘክር ነው፤ በ1962 የተቋቋመው ራቢንድራ ብሃራቲ ዩኒቨርሲቲም መነሻው ይኸው ግቢ ነው። ጎብኚው የሚመጣው ለባለቅኔው ነው። እኔ ግን ቤቱን ከባለቅኔው አልጋ ሳይሆን ከነጋዴው የሒሳብ መዝገብና ከሴቶቹ ጓዳ ተነሥተን ብናነብበው ይሻላል እላለሁ። ይህን የምለው ባለቅኔውን ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም አንዳንድ ድርሰቶቹ በደንብ የሚገቡን ያን ጊዜ ይመስለኛል።

አስቀድሞ ስለ አሠራሩ። የቤንጋል ባለጸጎች እንደሚያሠሩት ሁሉ ክፍሎቹ ከላይ ሰማይ በሚታይበት የውስጥ ግቢ ዙሪያ በፎቅ ተደርድረዋል። በግቢው በአንደኛው ወገን ለአምልኮና ለበዓል የተሠራ ባለ ዓምድ አዳራሽ አለ። የፊተኛው የቤቱ ክፍል የወንዶች ነው፤ እንግዳ የሚቀበሉት፣ ሒሳብ የሚተሳሰቡት፣ ሙዚቃ የሚያሰሙት እዚያ ነው። የኋለኛው የሴቶች ነው፤ «አንዳርማሃል» ይሉታል። እኛ እልፍኝና ጓዳ ብንላቸው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። ልዩነቱ፣ የእነርሱ ጓዳ ሙሽራይቱ በልጅነቷ ከገባችበት እንደ ልቧ የማትወጣበት መሆኑ ነው።

የቤቱ ታሪክ የሚጀምረው በወንድማማቾች ጠብ ነው። በ1784 ኒልማኒ ታጎር የተባለው የቤተሰቡ ሰው ከወንድሙ ጋር በንብረት ተጣልቶ ከቀድሞው ቤታቸው ወጣና በጆራሳንኮ መኖሪያ ሠራ። ታጎሮች ብራህሚኖች ቢሆኑም «ፒራሊ» ከሚባለው ወገን ነበሩ፤ የቀድሞ አባቶቻቸው ከሙስሊሞች ጋር ተነካክተዋል ተብሎ ሌሎቹ ብራህሚኖች አይጋቧቸውም፣ ማዕድም አይቆርሱላቸውም ነበር። ይህ መገፋት ጠቅሟቸዋል ማለት ይቻላል። የሚያጡት ክብር እምብዛም ያልነበራቸው ሰዎች ከእንግሊዞች ጋር ለመሥራትና ለመነገድ የሌሎቹን ያህል አልተሳቀቁም።

ከሁሉም የላቀው የኒልማኒ የልጅ ልጅ ድዋርካናት ነው። በ1794 ተወለደ። በእንግሊዞች የጨው አስተዳደር ውስጥ በሹመት አገለገለ፤ በ1829 ዩኒየን ባንክን ካቋቋሙት አንዱ ሆነ፤ በ1834 ደግሞ ከእንግሊዛዊ ሸሪኩ ጋር «ካር፣ ታጎር እና ኩባንያ» የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ሕንዳዊና አውሮፓዊ እኩል ሸሪክ የሆኑበት እንዲህ ያለ ድርጅት በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። ኩባንያው በኢንዲጎ ማቅለሚያ፣ በሐር፣ በስኳር ነገደ፤ በራኒጋንጅ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ገዛ፤ በወንዝ ላይ የእንፋሎት ጀልባ አሰማራ። ወደ ቻይና ኦፒየም በሚያጓጉዙ መርከቦችም ድዋርካናት ድርሻ ነበረው። ይኸው ሰው ባሏ የሞተባት ሴት ከሬሳው ጋር የምትቃጠልበትን ልማድ ለማስቀረት የታገለው የራም ሞሃን ሮይ ወዳጅና ደጋፊ ነበር። በ1845 ወደ እንግሊዝ ሲሻገር አራት የሕክምና ተማሪዎች አብረውት ሄዱ፤ የሁለቱን ወጪ የቻለው እርሱ ነው። ለጋስነቱም ኦፒየሙም የአንድ ሰው ናቸው። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም።

በዚህ ሰው ዘመን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ፤ የተከፈለውም በግድግዳ ብቻ አልነበረም። ድዋርካናት አውሮፓውያንን የሚጋብዝበት ሌላ ቤት ከአሮጌው ጎን በ1823 አሠራ፤ «የእንግዳ ቤት» እንደ ማለት ነው። እዚያ ሥጋ ይበላል፣ ወይን ይጠጣል፣ ይጨፈራል። ሚስቱ ዲጋምባሪ ግን አጥባቂ ነበረች። በቤተሰቡ ሲነገር እንደ ኖረው፣ ባሏ ከባዕዳን ጋር እየበላ ከእርሱ ጋር መኖር ይገባት እንደሆነ የሃይማኖት ሊቃውንትን አስጠየቀች። እያገለገለችው እንድትኖር፣ ግን ከአልጋው እንድትርቅ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ለቤት ጉዳይ ካነጋገረችው በኋላ ሰውነቷን ትታጠብ ነበር ይባላል። ነጋዴውም ኑሮውን ወደ እንግዳው ቤት አዛወረ።

ብዙዎች ይህን እንደ አስቂኝ ወግ አውርተው ያልፉታል። እኔ ግን ከቤቱ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ፍርድ ይህ ይመስለኛል። ንግሥት ቪክቶሪያ የተቀበለችው፣ ገዢዎች ግብዣውን የሚሻሙት ሰው በገዛ ጓዳው ተፈረደበት። በፈረደችው ሴት እምነት ላንስማማ እንችላለን። ግን ወጥታ መሄድ የማትችል ሴት፣ ባሏን ከጓዳዋ ማስወጣት መቻሏን ልብ በሉ።

ድዋርካናት በ1846 ለንደን ላይ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1848 ባንኩም ኩባንያውም ተንኮታኮቱ። ዕዳው በልጁ በዴቤንድራናት ላይ ወደቀ። አባትየው አስቀድሞ፣ በ1840፣ አበዳሪዎች እንዳይነኩት በአደራ ያስቀመጠው ርስት ነበር። ዴቤንድራናት ሕጉ ሳያስገድደው እርሱንም ጨምሮ ለአበዳሪዎች እንዳቀረበና ዕዳውን በብዙ ዓመታት ከፍሎ እንደ ጨረሰ ግለ ታሪኩ ይናገራል። ዴቤንድራናት የሃይማኖት ሰው ነው፤ ጣዖት አልሰግድም ያለው ብራህሞ ሳማጅ የተባለው ማኅበር መሪ ሆነ። በግቢው አዳራሽ ይቀመጡ የነበሩት አማልክትም ስፍራቸውን አጡ። የሟች ወንድሙ ሚስት ግን የቤተሰቡን ጣዖት ይዛ ከልጆቿ ጋር ወደ ነጋዴው የእንግዳ ቤት ገባች። ነገሩ እንዴት እንደ ተገለበጠ እዩ። ሥጋና ወይን ይቀርብበት የነበረው ቤት የአማልክት መጠጊያ ሲሆን፣ ዲጋምባሪ ትጸልይበት የነበረው አሮጌ ቤት ጣዖት የሌለው የጸሎት ቤት ሆነ። ሁለቱንም ጊዜ የቤቱን ካርታ ያስለወጠች ሴት ነች።

ራቢንድራናት የተወለደው ከዚህ በኋላ ነው። ሀብቱ ቀንሷል፤ የመሬት ግብሩ ግን አሁንም ይመጣል፤ ቤቱም በዘመድ አዝማድና በአገልጋይ የተሞላ ነው። በ1912 ባሳተመው የትዝታ መጽሐፉ ውስጥ በደንብ የተሣለው አያቱ ያቆሙት ሀብት ሳይሆን ያ የታጠረ ልጅነት ነው። ሞግዚት የነበረው አገልጋይ በጠመኔ መሬቱ ላይ ክብ አስምሮ፣ ሕፃኑን ከመካከል አስቀምጦ፣ ከዚህ ብትወጣ ወዮልህ ብሎት ይሄድ ነበር። ልጁም ቀኑን ሙሉ በመስኮት ኩሬውንና የዋርካ ዘመድ የሆነውን ትልቅ ዛፍ ሲመለከት ይውላል። ስለ ባለቅኔው የጻፉ ብዙ ሰዎች ይህን ጠቅሰው የውጭው ዓለም ናፍቆት ከዚህ መጣ ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን ግማሹን ነው የሚሉት። ልጁ አድጎ ከክቡ ወጣ። በዚያው ቤት ክቡ ሳይፋቅላቸው የኖሩት ሴቶቹ ናቸው።

ስለ አያቱስ ምን አለ? በትዝታ መጽሐፉ እጅግ ጥቂት። ነገር ግን ዝምታው ያልሸፈነው ነገር አለ። በ1881፣ የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ፣ ቤተሰቡ በሚያሳትመው «ብሃራቲ» መጽሔት ላይ የእንግሊዞችን የኦፒየም ንግድ በቻይና ላይ የሚካሄድ የሞት ንግድ ብሎ አውግዞ ጻፈ። በዚያው ዓመት በዚያው ቤት «ቫልሚኪ ፕራቲብሃ» የተባለውን የሙዚቃ ድራማ ደርሶ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ራሱ ተጫወተ። ድራማው ስለ ምን ነው? ወንበዴ የነበረው ቫልሚኪ ልቡ ተነክቶ ባለቅኔ ስለ መሆኑ ነው። ደራሲው አያቱን አስቦ ጻፈው አልልም። ግን በኦፒየም ጭምር የበለጸገ ሰው ልጆች በሚኖሩበት ግቢ፣ የልጅ ልጁ ዝርፊያን ትቶ ወደ ቅኔ የተመለሰ ሰው ሆኖ ሲዘፍን፣ የቤቱን ታሪክ የሚያውቅ ተመልካች ሌላ ነገር ሳይሰማ አይቀርም።

አሁን ወደ ሴቶቹ። የባለቅኔው ታላቅ ወንድም ሳትየንድራናት ለሕንድ ሲቪል አገልግሎት ከበቁት ሕንዳውያን የመጀመሪያው ነው። በ1864 ሚስቱን ግያናዳናንዲኒን ወደ ሥራ ቦታው ወደ ቦምቤይ ሊወስዳት ሲነሣ ችግሩ የባሕሩ ርቀት አልነበረም፤ ችግሩ ከጓዳ እስከ ውጭ በር ያለው እርምጃ ነበር። የቤቱ ምራት የወንዶቹን ግቢ በእግሯ አቋርጣ ሠረገላ ላይ ልትወጣ አትችልም ተባለ፤ በተሸፈነ ቃሬዛ ተይዛ ወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ ስትመለስ ግን ከበሩ ላይ ከሠረገላ ወርዳ በእግሯ ገባች፤ ቤተሰቡም ደነገጠ። ዛሬ በብዙ የሕንድ ከተሞች የሚታየው ሳሪ ከሸሚዝ ጋር የሚለበስበት መንገድ እንዲስፋፋ ያደረገች እርሷ ነች፤ ሴት ከቤት ለመውጣት መጀመሪያ የመውጫ ልብስ ያስፈልጋታልና። የባለቅኔው እኅት ስዋርናኩማሪም በ1876 ልብ ወለድ አሳትማለች፤ «ብሃራቲ»ንም ለዓመታት በአዘጋጅነት መርታለች። እነዚህ ወጡ።

ካዳምባሪ ግን አልወጣችም። ገና በልጅነቷ ለሌላው ወንድሙ ለጆቲሪንድራናት ተዳረች። ባለቅኔውን ከልጅነቱ ጀምሮ የምታዳምጠው፣ የምትተቸው፣ የምታበረታታው እርሷ ነበረች፤ በቤቱ ሰገነት ላይም የአበባ ስፍራ አበጅታ ነበር። በሚያዝያ 1884፣ ራቢንድራናት ካገባ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የራሷን ሕይወት አጠፋች። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተወርቷል፤ እኔ አልጨምርበትም። ሐዘኑ በደራሲው ሥራዎች ውስጥ ዕድሜ ልኩን መመላለሱ ግን አይካድም። በ1901 የጻፈው «ናሽታኒር» (የፈረሰ ጎጆ ማለት ነው) በትልቅ ቤት ጓዳ ብቻዋን የምትሰለች፣ ከባሏ የቅርብ ዘመድ ጋር በሥነ ጽሑፍ የምትቀራረብ ሴት ታሪክ ነው። ሳትያጂት ራይ በ1964 «ቻሩላታ» ብሎ ፊልም ሠርቶበታል። በ1916 የወጣው ልብ ወለዱ «ቤትና ዓለም» ደግሞ ጠቅላላ ጭብጡ ከአንድ መተላለፊያ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ባል ሚስቱን ከጓዳ አውጥቶ ወደ እልፍኝ ሲያሻግራት ከሚመጣው ጣጣ ላይ። የጆራሳንኮን አሠራር የማያውቅ አንባቢ ያን መተላለፊያ እንዲያው ምሳሌ ብቻ አድርጎ ያየዋል። የሚያውቅ ግን ግያናዳናንዲኒ በእግሯ እንዳታቋርጠው የተከለከለችው ግቢ መሆኑን ይረዳል።

እዚህ ላይ ውዳሴ ጸሐፊዎች የሚዘሉትን ልጨምር። «ናሽታኒር» በታተመበት በ1901 ደራሲው ራሱ ሁለት ሴት ልጆቹን ዳረ፤ ታላቂቱ የዐሥራ አራት ዓመት፣ ታናሺቱ ገና የዐሥር ዓመት ገደማ ልጆች ነበሩ። ብዕሩ የደረሰበት ስፍራ እጁ አልደረሰም። ይህ ድርሰቱን ውሸት አያደርገውም። ግን ቤቱ ነዋሪዎቹን ምን ያህል አጥብቆ ይዟቸው እንደ ነበር፣ ያን እስር ከሁሉ አብልጦ የተረዳውን ሰው እንኳ እንዳልለቀቀው ያሳያል።

የነጋዴው የእንግዳ ቤት መጨረሻ ደግሞ የሚያሳዝን ነው። የአያቱ ግብዣ አዳራሽ በኋለኛው ዘመን የሠዓሊዎቹ የጋጋነንድራናትና የአባኒንድራናት ሆነ፤ በደቡብ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሥለዋል፤ የቤንጋል የሥዕል ስልት የሚባለው ብዙ ዕዳ ያለበት ለዚያ በረንዳ ነው። አባኒንድራናት በ1941 ለቅቆ ወጣ፤ ቤቱም ተሸጦ ፈረሰ። ዛሬ የቆመው የጻድቁ የዴቤንድራናትና የባለቅኔው ቤት ነው። እንዲህም ሆኖ የታሪኩ አከፋፈል ለትረካ ተመቸ፤ ቅኔው ቀረ፣ ንግዱ ጠፋ።

ሂሴ ይኸው ነው። የታጎሮች ቤት «ወርቅ ወደ ዜማ የተለወጠበት» ተብሎ ሲወደስ ወርቁ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄና ዜማውን መጀመሪያ የሰማው ማነው የሚለው ጥያቄ አብረው ይቀበራሉ። ብሌር ክሊንግ የተባለው አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ነጋዴውን ከመዝገቡ ጋር አውጥቶታል። ስለ ሴቶቹም ዛሬ ብዙ እየተጻፈ ነው። የሚቀረው ይህን ሁሉ ይዞ ወደ ድርሰቶቹ መመለስ ነው። «ቤትና ዓለም»ን የሚያነብ ሰው ከገጹ ጎን የቤቱን ካርታ ቢዘረጋ፣ ሴቲቱ በስንት እርምጃ ዓለም ላይ እንደምትደርስ፣ ለእያንዳንዱ እርምጃም ምን እንደሚያስከፍላት ቆጥሮ ያገኘዋል።